የአውራ ጣት ፊርማና ያላነበብሁት ሕግ

በእኛ ቀበሌ ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፈው ያነበበለትን ሰው አምኖ ነው። አንባቢው እኔ ነኝ። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ከረጢትና ከግብር ደረሰኝ ላይ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁም በዚህ ስኮራ ኖሬአለሁ።

ያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ስንሰበሰብ ደሜ ይፈላ ነበር። ንፋስ መውጫ ከተማ በባጃጁም በወፍጮ ቤቱም ሰው ሁሉ ስለ ጽንስ ማቋረጥ ሕግ ይሟገታል። «አንተ ጻፍልን» አሉኝና ለወረዳው ጻፍሁ። ልጄ በነርስነት የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ይህን አገልግሎት የሚሰጥበት ክፍል እንዲዘጋ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። «ሕጉ ማንኛዋም ሴት በፈለገች ጊዜ ጽንሷን እንድታቋርጥ ፈቅዷል» ብዬ ጀመርሁ። ይህን የሰማሁት ገበያ ላይ ነበር።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። የማኅተሙ ቀለም መዞር ጀመረ። ግማሹ ሰው ጣቱን እንዳሳረፈ ልጄ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ሕጉን አንብበውታል?»

ሰው ሳቀ። ጎረቤቴ ሽማግሌው «አባትሽ የጨው ከረጢት እንኳ ሳያነብ አያልፍ» አሏት።

ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «አላነበብሁትም» አልሁ።

ሕጉን ከስልኳ አውጥታ ሰጠችኝ። ፊደሉን በጣቷ አሰፋችልኝ፤ እኔም ለሁሉም አነበብሁ። ጽንስ ማቋረጥ ወንጀል ነው ይላል። ቀጥሎ የማያስቀጣበትን ይዘረዝራል፦ የተደፈረች፣ ከሥጋ ዘመዷ ያረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ የወደቀ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ያለበት፣ በዕድሜዋ ማነስ ወይም በሕመሟ ምክንያት ልጅ ማሳደግ የማትችል።

ቤቱ ተናወጠ።

«ተደፈርሁ ብትል በምን ይታወቃል?» አለ አንድ ገበሬ።

«ቃሏ ይበቃል ይላል» አለች ልጄ።

«ቃልማ ማን ያጣል።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አንተስ በሬህ ሲሰረቅ ቃልህን ይዘህ አይደል ሚሊሻ ጋ የምትሮጠው?» አለችው። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

እኔም ተነሣሁ። «ነፍስ ነፍስ ናት። በአባቱ በደል ጽንሱ ለምን ይሞታል?»

«ጽንሱ አልበደለም፣ አባዬ። ክፍሉ ሲዘጋ ግን ሴቶቹ ወደ ሥር ማሹ ይሄዳሉ። ከዚያ በቃሬዛ የምታመጧቸው እናንተው ናችሁ።»

እኛ ወንዶቹ ባለፈው ክረምት ሥር ጠጥታ ደም የሚፈስሳትን ልጅ ተሸክመን ነበር፤ የፊተኛውን ቀኝ እጀታ የያዝሁት እኔ ነኝ። በመንገድ የጠየቀንን ሁሉ «ጨጓራዋን ነው» እያልን አለፍን። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከብዙ ሰው ጋር ተሟግቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያላበኝ ቀን ግን የለም። ተናድጃለሁ። በልጄ ደስም ብሎኛል፤ እንዳይታይብኝ ጢሜን ጨብጬ ያዝሁ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ጎረቤቴ ቀለም የነካ ጣታቸውን አነሡ። «ያነበብህልኝ ሌላ፣ ሕጉ ሌላ። ጣቴን መልስልኝ።»

ጣት እንዴት ይመለሳል? ደብዳቤውን በፊታቸው ቀደድሁት።

«በሴት ልጅህ ተረታህ» አለኝ ገበሬው።

«የረታኝ ሕጉ ነው። ከእሷ ጋር ገና እሟገታለሁ።»

እዚያው ተቀምጬ ሌላ ጻፍሁ። ጽንስ ማቋረጥ ኃጢአት መሆኑን እንደምናምን፣ ሕጉ የሚለውንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ አሰፈርሁ፤ ክፍሉ ይዘጋ የሚለውን ግን ተውሁት። ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። ገበሬውና ሦስት ጓደኞቹ «ይህ ደብዳቤ ምን ሊረባ» ብለው ወጡ። ሽማግሌው ጣታቸውን አሳረፉ።

ቀለሙ ልጄ ጋ ሲደርስ እጇን ሰበሰበች። «እኔ አልፈርምም፣ አባዬ። ወደ እኔ የምትመጣ ሴት ይህን ‹ኃጢአት› የሚለውን ቃል በእኔ ስም እንድታነበው አልፈልግም።»

ሰዉ ሁሉ እኔን አየ።

«ያላመንሽበትን አትፈርሚ» አልኋትና ቀለሙን ከአጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት አሳለፍሁ።