«አልፎን ሄደ» እንዳይባል

ባሌ ፍቅረሥላሴ የዴንቨር በረዶ ላይ ታክሲ መንዳት አያስፈራውም። የሚፈራው «አልፎን ሄደ» መባልን ነው።

አዲሱ ኤርፖርት በተከፈተ በዓመቱ፣ በሰመር ካሊፎርኒያ ወስዶ በባሕሩ ዳር በመኪና ሊያዞረን ቃል ገባ። አንድ እሁድ ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ካርታ ዘርግቶ የምናድርባቸውን ቤቶች በቀይ እስክሪብቶ አከበበ። ሳን ዲዬጎ የአክስቱ ልጅ፣ ሎስ አንጀለስ አበልጁ፣ ኦክላንድ የእኔ አጎት። ለሁሉም ደውሎ «መጣን» ብሏል።

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃችን ስምረት ካርታውን አየችና «አባዬ፣ ቢቹስ? ባሕሩ የታለ? ይሄ እኮ ሁሉም ሶፋ ላይ ማደር ነው!» አለች። ታናሽዋ ናሆም «ኖ ዌይ፣ እኔ አልሄድም» ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«የዘመድ ደጅ አልፌ ሞቴል ልደር? ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ባሌ ጠረጴዛውን መታው።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መጦሪያ ቤት ሽማግሌና አሮጊት ሳነሣ ሳስተኛ የምውል ሴት ነኝ፤ ይቺን ዕረፍት ያገኘኋት በስንት ልመና ነው።

«በእነዚህ ቤቶች ሁሉ አንተ ሳሎን ትቀመጣለህ» አልኩት። «እኔስ? ማድቤት ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ልከትፍ አይደል? ሽንኩርት ለመክተፍማ ካሊፎርኒያ ምን ወሰደኝ? ኦሮራም ሽንኩርት አለ!»