ተንሳፋፊውን ማን ይመነው?

ዓሣ አጥማጆቹ «እትዬ ሞገድ» ይሏታል። ዕድሜዋ ገና አርባ ሁለት ነው፤ እትዬ ያሰኛት ጭንቀቷ ነው። በትንበያ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለ ክፍል ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የባሕር ቁጥር ስታይ ኖራለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሞዴል ባሕሩ ነገ ምን እንደሚሆን ያሰላል፤ ከወደቡ ርቆ የታሰረው ቢጫ ተንሳፋፊ መለኪያ ደግሞ ባሕሩ አሁን ምን እንደሆነ በየሰዓቱ ይልካል። እሷ ልኬቱን መርምራ ለሞዴሉ ታቀብላለች፤ ሞዴሉም በዚያ ስሌቱን ያርማል። ልኬት ያልደረሰው ሞዴል ዓይኑን ጨፍኖ መንገድ እንደሚመራ ሰው ነው።

ችግሩ ተንሳፋፊው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መልሕቅ መጣል ሲሰለቻቸው ጀልባቸውን እሱ ላይ ያስራሉ፤ መለኪያውም እየተጎተተ የሌለ ሞገድ ይቆጥራል። ስለዚህ ቢሮው ልማድ አወጣ፦ ከሞዴሉ በጣም የራቀ ቁጥር «ታስሮበታል» ተብሎ ይጣላል። ሁለተኛ ተንሳፋፊ ቢኖር አንዱ ለሌላው ይመሰክር ነበር። ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ከተጻፈ አራት ዓመቱ ነው። ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች ባሕር የሚያዩት የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ላይ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሞዴሉ ሞገዱ አንድ ሜትር ነው አለ። ተንሳፋፊው ሦስት ተኩል አለ። እጇ እንደለመደው «ይጣል» የሚለውን ተጫነች፤ «ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው» የሚል ትንበያም ለጀልባዎቹ ሁሉ ሄደ። ወዲያው ግን የጣለችውን ቁጥር መልሳ አየችው። ታናሽ ወንድሟ በአራት ሰዓት ይወጣል። ደወለችለት።

«ዛሬ ተንሳፋፊው ላይ የታሰረው ማነው?»

«ማንም። እዚያ የማስረው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አንቺን እያናገርኩሽ ነው። ሁላችንም ወደብ ላይ ነን።»

«እንግዲያው እስክደውልልህ እንዳትወጣ።»

«አሁን ጸጥ ያለ ነው ብለሽ የለ እንዴ?»

ከኋላው ጓደኞቹ ሲስቁ ሰማች። «ተወው፣ እህቱ ሳትፈቅድለት አይወጣም» አለ አንዱ። ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ቢሮው ኃላፊ ክፍል ሮጣ ገባች።

«ጀልባዎቹ በሙሉ ወደብ ናቸው፤ ልኬቱ እውነት ነው» አለችው።

«የሌላ ወደብ ጀልባ ታስሮበት ቢሆንስ? በከንቱ ካስቀረናቸው ነገ ማን ይሰማናል?»

«ከሞቱስ ማን ይሰማናል?»

«ቀጣዩን ልኬት ጠብቂ» አላት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ላይ ተንሳፋፊው አራት ሜትር አለ። ያን ጊዜ ከሞገዱ ከፍታ ቁጥር አጠገብ ያለው ዓምድ ላይ ዓይኗ አረፈ፤ ማንም አይቶት የማያውቀው ዓምድ። ከሞገድ እስከ ሞገድ አሥራ አራት ሰከንድ ይላል። የታሰረ ጀልባ ተንሳፋፊውን በየሦስት በየአራት ሰከንዱ ነው የሚጎትተው። ይሄ ረጋ ብሎ፣ ከሩቅ ማዕበል ተነስቶ የሚመጣ ነው። ስንቱን እውነት «ታስሮበታል» ብላ ጥላ ይሆን?

ማንንም ሳትጠይቅ ልኬቱን አስገባች። ሞዴሉ እንደገና እስኪያሰላ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ ማስጠንቀቂያው ወጣ። አሥራ አንድ ጀልባ ወደብ ቀረ። የወንድሟ አልቀረም፤ የእህቱ አሽከር እንዳይባል አብረውት የሚሠሩትን ልጆች ይዞ ከሰዓቱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ሬዲዮ ጨብጣ ጠራችው። ደግማ ጠራችው። በአምስተኛው መለሰ፤ ጀልባዋን አዙሯል፣ ግን ከፊት ያለው ውኃ ግድግዳ ሆኖበታል። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ለሦስት ሰዓት ያህል ያንኑ ጥሪ ሳትሰለች ደጋገመች፤ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኳ ጮኸ።

«ገብተናል» አለ ወንድሟ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «የአንዱ ልጅ ክንድ ተሰብሯል። ጸጥ ያለ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»