ሁለት ጊዜ ሰባት ቤት

ልጅ እያለሁ ገመድ የምዘልለው በአያቶቼ ስም ነበር። አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን ጓደኞቼ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ እኔ «መንገሻ፣ ተሰማ፣ ዳምጤ፣ ይመር» እያልኩ እዘላለሁ፤ ሰባተኛው አያት ላይ ሳልደርስ ገመዱ እግሬን ይጠልፈኛል። ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ እንኳ ግቢው ውስጥ ሰው ከሌለ ከእኔ ጋር ትዘል ነበር። ስሞቹን ያስጠናን አባታችን መንገሻ ነው። አባዬ ባቡር ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ማታ ሲገባ ልብሱ ናፍጣና የሐዲድ ቅባት ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬን ካገኘው ዞር ብዬ አባዬን እፈልጋለሁ።

ስሞቹን የተማርነው ለጨዋታ እንዳልሆነ የገባኝ ጥሩነሽ ስትታጭ ነው። ክር ፋብሪካ የሚሠራው ግርማ ሽማግሌ ላከ። እሷም ትወደዋለች፤ በፈረቃ መውጫ ሰዓት ውኃ ልቅዳ የምትለው ለምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያኔ ከጥሎሹም ከድግሱም በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የልጁና የልጅቷ አያቶች እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድ ቦታ ከተገናኙ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን እንሰማለን። የግርማ ወገን ቆጠረ፤ አባዬም ሳይደናቀፍ ቆጠረ። የትም አልተገናኙም። ጥሩነሽ እጄን ጨመቀችኝ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሡ ግን አባዬ «ቆዩ፣ አባቶቼ» አለ።

«የቆጠርኩላችሁ ያሳደጉኝን የአቶ ተሰማን አባቶች ነው። የወለደኝን አላውቅም። እናቴ የሞተች ሰሞን ሞጆ ባቡር ጣቢያ ሳለቅስ አገኙኝ፤ ባቡሩ እስኪነሣ ባለቤት ቢያጡልኝ ይዘውኝ መጡ። የግርማም ዘመዶች የሞጆ ሰዎች ናቸው። ሳላውቅ ልጄን ለወንድሟ እንዳልሰጥ ፈራሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ወገንህን ፈልግና ጥራን» ብለው ሌሎቹን ይዘው ወጡ። ጥሩነሽ «ዝም ቢል ምን ነበረበት?» እያለች ትራሷን አቅፋ አለቀሰች። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ይመር አያቴ አይደለም መባሉ ገመዴን የቀሙኝ ያህል አንገብግቦኛል።

አባዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞጆ ሲወርድ እኔን አስከተለኝ። «ስም በመያዝ ጎበዝ ስለሆነች ነው» አለ እንጂ ብቻውን መሄድ ፈርቶ ይመስለኛል። በእጁ ያለው መረጃ የክርስትና ስሙና የእናቱ ስም ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያገኘናቸው ቄስ መዝገባቸውን አገላብጠው «ይሄ ከአንተ ወዲህ የተጀመረ ነው፤ ይልቅ ክርስትና ያነሡትን አረጋውያን ጠይቅ፣ እነሱ አይረሱም» አሉት። እውነታቸውን ነው። የክርስትና ልጅ እንደ ሥጋ ልጅ ነው፤ በእሱም መጋባት ነውር ስለሆነ ማን የማንን ልጅ እንዳነሣ ሰው አይዘነጋም።

ዛፍ ሥር ከተቀመጡት መካከል አባባ ዘለቀ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። አባዬ ጎንበስ ብሎ «ወልደ ሚካኤል የሚባል ልጅ ክርስትና አንሥተው ያውቃሉ፣ አባባ? እናቱ ብርቄ ትባል ነበር» አላቸው።

«እኔ ያነሣሁት የብርቄ ልጅማ ሞቷል» አሉ ሳያመነቱ። «ለቅሶው ላይ ነበርኩ።»

«ይኸው ቆሜአለሁ እኮ፣ አባባ» አለ አባዬ፤ እጃቸውን ወስዶ ፊቱ ላይ አደረገው።

እያለቀሱ እኚሁ ሽማግሌ የሟች አባቱ እህት ቤት ወሰዱን። ነገሩ ለካ በብርቄ ለቅሶ ግርግር መሐል ልጁ ባቡር ሊያይ ወጥቶ ቀርቷል፤ ቀን ሙሉ በየጫካው ቢፈለግ ሲታጣ ጅብ በላው ተብሎ ተለቅሶለታል። አክስቱ እትዬ ጫልቱ ደረቱን እየደበደበች «ሰው እንዴት ተለቅሶለት ይመጣል!» አለችው፤ ከዚያ አንገቱ ሥር ገብታ ቀረች። ስትረጋጋ ቆጠረችልን፦ ቶሎሳ፣ ሮባ፣ ጉደታ እያለች እስከ ሰባተኛው። መቁጠሯን ስትጨርስ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው፤ ከእንግዲህ በአባትህ በቶሎሳ ተጠራ» አለችው።

አባዬ እጇን ያዝ አደረገ። «እትዬ፣ እናንተ እኔን በቁሜ ቀበራችሁኝ። እኔ ደግሞ አንዴ የቀበርኳቸውን አቶ ተሰማን ሁለተኛ ልቅበራቸው?» አላት። እትዬ ጫልቱ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች።

በመልሱ ጉዞ እኔና አባዬ አዲሶቹን ስሞች በሐዲዱ ምት እየተቀባበልን አጠናናቸው። ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲመጡ አባዬ ሁለቱንም ቤት ቆጠረ፤ ግርማ ከየትኛውም አልገጠመም። ከእነሱ አንዱ ሳቅ ብለው «የቶሎሳው ይበቃን ነበር እኮ» ቢሉት «ሁለቱም ቤቴ ናቸው፤ ልጆቼ ከሁለቱም ቤት ዘመድ አያገቡም» አለ። ጥሩነሽ ተዳረች። በሰርጓ እትዬ ጫልቱን ከመሐል ቦታ የሚነቀንቃት አልተገኘም።

ዛሬ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከፊት ለፊቴ በር የሚኖረውን ሰው፣ የአባቱ ስም ቀርቶ የራሱንም አላውቀውም። የአቃቂው አሮጌ ሐዲድ ዝም ብሏል፤ አባዬም ካረፈ ቆየ። ባለፈው ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሙሉ የተባሉበት፣ ሣጥን ሣጥን የተሠመረበት ወረቀት ይዛ መጣች። የአባዬን ታሪክ ታውቃለችና አያቷ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እማ፣ ለአያቴ አባት ያለው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ማንን ልጻፍ?»

ሣጥኑን ለሁለት ልከፍለው እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ግን አሳዘነኝ። አንዳቸውም ለአባዬ ግማሽ አባት አልነበሩም። ከጎኑ ሌላ ሣጥን ሠራሁለት፣ ያንኑ የሚያህል።