ሕመሙ የተዋት ጠዋት

ሐኪም ቤት መሄድ ሞቴ ነው። ባለፈው ወር ግን ቀዝቃዛ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር መንጋጋዬ እየጠዘጠዘ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ሳልወድ በግድ እዚሁ ደብረ ታቦር አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ።

ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ጥርስ እንደሚመስለን ድንጋይ አይደለም፤ ውስጡ ደም ሥርና ነርቭ ያለው ለስላሳ ሥጋ አለ። ያ ሥጋ ሲቆጣ እንደ ሌላው ገላ ልበጥ ቢል ቦታ የለውም፤ እንደዚያ የሚያሳብደውም ለዚህ ነው።

«የተቆጣውን አውጥቼ፣ ሥሩን ጠርጌ እሞላዋለሁ። መንቀል አያስፈልግም» አለችኝ።

«በራሱ ጊዜ ቢተወኝስ?» አልኋት፤ ማምለጫ ስፈልግ።

«እሱን ነው የምፈራው ጋሼ። እንዲያ ዝም ሲል ነርቩ ሞቶ ይሆናል። ቁስሉ ግን ወደ አጥንት መውረዱን አይተውም።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። እናቴ መጣችብኝ።

እናቴ ሐሙሲት አጠገብ ነበር የምትኖረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ጥርሷን አመማት። ጉንጯን በሻሽ አስራ ስትንቆራጠጥ አይቼ ባሕር ዳር ልውሰድሽ አልኋት። እሷ ግን እሑድ እሑድ የምትቆርብ ሰው ናት፤ አፉ የደማ ደግሞ አይቆርብም።

«ቁስሉ ሳይደርቅ እሑድ ቢደርስብኝ በምን አፌ ልቆርብ ነው ልጄ? ፋሲካ ይለፍ» አለች።

ተቆጣሁ፣ አኮረፍሁ። በመጨረሻ ወደደችም ጠላችም ልወስዳት መኪና ተነጋገርሁ። የምንሄድበት ቀን ጠዋት ግን ደወለች።

«ተወኝ እኮ! ጾሙ ፈወሰኝ። አንተ እንደሆንህ እምነት የሚባል አልፈጠረብህ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም እፎይ ብዬ መኪናውን ተውሁት። ሞኝነቴ! ፋሲካን ጉንጯን ሳትይዝ፣ እየተጫወተች አብራን ዋለች።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አገጯ ሥር አበጠ። እብጠቱ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ። ሐኪም ቤት ስናደርሳት መዋጥም መናገርም አቅቷት ነበር፤ አልተረፈችልኝም።

የእኔ ጥርስ ተሞልቶ ድኗል። እናቴ ግን እንዲህ ትናፍቀኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ናፍቆቱም ክፉ ነገር ያስመኘኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጠዋት ደውላ «ብሶብኛል፣ ቶሎ ድረስልኝ» እያለች ባለቀሰችብኝ ኖሮ እላለሁ።