ስንዝር የጎደለው መጋረጃ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ጀልባው አሥር ሰው ይችላል። የተሳፈርነው ግን እኔና አንድ የታጠፈ መጋረጃ ነን። ሞተረኛው ገመዱን እየፈታ፣ “ጋሼ፣ የሚመጣ ሰው አለ? እንጠብቅ?” አለኝ። የሚመጣ እንደሌለ ነገርሁትና ተነሣን።

መጋረጃው የባለቤቴ ስለት ነው። ታማ ሳለች፣ “ከዳንሁ ማዶ ላለው ደብር የመቅደሱን በር መጋረጃ አስገባለሁ” ብላ ነበር። አልዳነችም። ዛሬ ሙት ዓመቷ ነው፤ ጸሎቱ ሳይጀመር መሰቀል አለበት። ልኩን በስልክ የጠየቀችው ራሷ ናት። የደብሩ መሪጌታ “ቁመቱ ስድስት ክንድ” አሏት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቅ በሜትር ስለካ የኖርሁ ሰው ነኝ። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር መሆኑን ለማወቅ ማንን ልጠይቅ? ሦስት ሜትር አሰፋሁ።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ሐይቁ ላይ

ግራጫ ውኃ፣ ደንገል፣ እምቦጭ፣ የደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ። እሷ ብትኖር ይሄኔ ብርድ ገደለኝ ብላ ጋቢዬን ወስዳብኝ ነበር። ሞተረኛውን ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረን ጠየቅሁት።

“ኪሎ ሜትሩን እንጃ። ሞተሩ ካላስቸገረን ትንሽ ነው የቀረን።”

ይኸው ነው አገራችን። ቤንዚን በሊትር ቀድቶ መንገዱን በሞተሩ ጠባይ ይለካል። ገበሬው መሬቱን በጥማድ ያውቀዋል፤ ደብተሩ ላይ ግን በሄክታር ተጽፎለታል። ወደቡ ላይ ስኳሩ በኪሎ፣ ሎሚው በመደብ፣ ቡናው በጣሳ ነው። ሳቄ መጣ፤ የማካፍለው ሰው ስለሌለ ዋጥሁት።

3 ሰዓት፣ ደብሩ

መሪጌታው ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። “ነፍስ ይማር፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናህ” ብለው መጋረጃውን ተቀበሉኝ። ከአንድ ቄስ ጋር ሆነው በሩ ላይ ያዙት።

አጠረ። ከታች ከስንዝር በላይ ክፍት ቀረ፤ ከውስጥ የሚያልፈው ካህን እግር ይታያል።

“ስድስት ክንድ አላልሁም?” አሉ ደንግጠው።

“ብለዋል። ስድስት ክንድ ሦስት ሜትር ነው።”

“በማን ክንድ?”

ከኪሴ ሜትሬን አወጣሁና ክንዳቸውን እንድለካ ፈቃድ ጠየቅሁ። ከክርናቸው እስከ መካከለኛ ጣታቸው ጫፍ ዘረጋሁት፤ ከግማሽ ሜትር አልፎ ሄደ። ትንሽ ናት፤ ስድስት ጊዜ ሲሆን ግን ይኸው ስንዝር ሆነች።

“እኔ ለሌላ ሰው ልክ ሰጥቼ አላውቅም” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። “በሩን ለክቼ፣ ገበያ ወጥቼ፣ በዚሁ ክንዴ ነበር የማስቀድደው። በስልክ ቁጥሩ ብቻ ሄደ፤ ክንዴ እዚህ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“የእኔም ነው፣ መሪጌታ።”

“እንግዲህ ጸሎቱ ይደረስ፤ መጋረጃው ይቆይ። የሚቀጠለውን ጨርቅ ይዘህ ና፤ ያን ጊዜ ይሰቀላል።”

ስሟ በጸሎቱ ሲነሣ አለቀስሁ። ከተዝካሯ ወዲህ ስሟን ከእኔ ሌላ ሰው ሲጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በሩን ከላይ እስከ ታች በሜትር ለካሁት።

10 ሰዓት፣ ወደ ከተማ

“ተሰቀለልዎ?” አለ ሞተረኛው።

“አጠረ።”

“ውይ ጋሼ! ይህን ሁሉ ደክመው!”

ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ እኔም እንዳዘነ ሰው አቀረቀርሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ የመልስ ጉዞ ነበር። መጋረጃው ከተሰቀለ ለእሷ የምሠራው ሥራ ያልቃል፤ እሷን ብዬ የምሄድበት ቦታ አይኖርም ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ፣ ቀለሙን አመሳስዬ፣ ጨርቅ እገዛላታለሁ።