ፍሬኑን የከፈትኩ ቀን

አባቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲናገር የኖረው አንድ ነገር ነው፦ «ፍሬን በጠሰብኝ።» ለእናቴም፣ ለዕድሩም፣ ለእኔም ያለው ይህንኑ ነው። ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፒክአፕ መኪናችን ከመንገድ ወጥታ ከባሕር ዛፍ ጋር ተላተመች። እሱ ግንባሩን ተጫረ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ጋቢና አጠገቡ ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤታችን ግን ግራ ጉልበታቸው ደቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም።

ጎረቤታችን ሰበታ ውስጥ ስማቸው የተጠራ መካኒክ ነበሩ። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው መኪና ስር መግባት ስለማይችል ጋራዡን ተዉት፤ ቡራዩ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቡታጋዝና የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠገን ጀመሩ። አባቴን አንድም ቀን አልወቀሱትም። «ብረት ነው፣ ብረት ይከዳል» ይሉ ነበር። አባቴ በበኩሉ ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም፤ ፋብሪካ ጥበቃ ገባ። ፒክአፗ ግቢያችን ጥግ ቆማ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ጀመር።

አሥራ አንደኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ አባቴ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሰጣት ተስማማ። ፒክአፗ በዕድሜ ከእኔ በጣም ትበልጣለች። ክብ መብራቶቿንና ልጅ ሆኜ ደረቴን አስደግፌ የምቆምባትን የኋላ ሳንቃዋን እወድ ነበር።

«እኔ አስነሳታለሁ» አልኩ።

እናቴ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። «ተያት! የሞተ ነገር አይነካካም» ብሎ ጮኸብኝ። እንዲያ ሲቆጣ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲሰሙ ነበር። «ለምን ትከለክላታለህ? እኔ ቁጭ ብዬ አሳያታለሁ፣ እሷ ስር ትገባለች» አሉት። አባቴ እሳቸውን እምቢ የሚልበት አንደበት አልነበረውም።

በየቀኑ ዝናቡ ሲያባራ መጥተው የለስላሳ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ካርቶን አንጥፌ ስር እገባለሁ፤ እሳቸው በምርኩዛቸው ይጠቁሙኛል። ካርቡሬተሩን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ አጠብኩ። የተጨማደደውን ላሜራ በመዶሻ አቃናሁ። የዝገት ብናኝ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አስለቀሰኝ። ሥራዬ ሲያስደስታቸው «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እኔም አክብሬ «ኦቦ» እላቸዋለሁ።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «የት ደረሳችሁ?» ካርቡሬተር ላይ ነን ስለው ትንፋሹን ለቀቅ ያደርጋል። «ነገ ፍሬኑን እንከፍታለን» ያልኩት ቀን ግን የጎረሰውን ሳይውጥ ብዙ ቆየ። ያ አደጋ ትዝ ብሎት ነው ብዬ አዘንኩለት።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። «የተበጠሰውን ቱቦ ፈልጊ፤ ከኋላ ጎማ በኩል ይመስለኛል» አሉኝ ጎረቤታችን። የእጅ ባትሪ ይዤ ገባሁና ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳበስኩት። አቧራ ብቻ ነው። ዘይት የፈሰሰበት ምልክት የለም። እንደገና ዳበስኩት። ወጥቼ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፈትኩ፤ እስከ ምልክቱ ድረስ ሙሉ ነው። ጋቢና ገብቼ ፔዳሉን ረገጥኩት። ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ቀጥ አለ።

ፍሬኑ ጨርሶ አልተበጠሰም።

«አገኘሽው?» አሉኝ ከሳጥናቸው ላይ።

ፔዳሉን ደግሜ ረገጥኩት።

«አንቺን እኮ ነው፣ አገኘሽው ወይ?»

«አዎ፣ ኦቦ። ተበጥሷል።»

«እስቲ ፈትተሽ አምጪው፣ ልየው።»

ተመልሼ ስር ገባሁ። ካርቶኑ ላይ ተንጋልዬ የሚታዩኝ ጫማዎቻቸው ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ወደ ፊት ተዘርግቷል። ፒንሳ አነሳሁ። ቱቦውን ቆርጬ ልሰጣቸው ነበር። ፒንሳው ቱቦውን እንደነከሰ የግቢው በር ተከፈተና የአባቴን ጫማ አየሁ። በዚያ ሰዓት ከሥራ ወጥቶ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ እኔንም ፒንሳውንም አየ።

«አስቀምጪውና ውጪ» አለኝ በለሆሳስ።

ስወጣ ፊቱን ወደ ጎረቤታችን አዙሮ ቆሞ ነበር። «ፍሬን አልበጠሰም» አላቸው። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው። አንተ ‹ቆም ብለን እንረፍ› ብለኸኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ስነቃ ዛፉ ፊቴ ነበር።»

ጎረቤታችን ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠህ ‹ፍሬን በጠሰ› እያልክ ስታለቅስ፣ የማጽናናህ እኔ ነበርኩ።»

ለመነሳት ሲታገሉ አባቴ እጁን ዘረጋላቸው። «አትንካኝ» አሉት። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ምርኩዛቸውን እየተከሉ በዝናብ ሄዱ።

ከአንድ ወር በላይ አልመጡም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ አባቴን ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። እኔም ተቀይሜው ነበር፤ ግን «ተበጥሷል» ያልኩት በገዛ አንደበቴ ነው። ውሸቱ ምን ያህል ቀሎኝ እንደወጣ ሳስበው አባቴን ደፍሬ መውቀስ አቃተኝ።

ሥራውን ብቻዬን ቀጠልኩ። ሞተር የሚያስነሳው ሞቶሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ቀኑን ሙሉ ስሞክር ውዬ እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ወደ ውስጥ አልዘለቁም።

«ከአጥር ማዶ ስሰማሽ ጨጓራዬን ላጥሽው እኮ! የካንዴላ ገመዶቹን አምታተሻል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አቀያይሪያቸው።»

ለሞተሩ እሳት የሚያቀብሉትን ገመዶች አቀያየርኳቸው። ፒክአፗ ሁለቴ አስላችና ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች። ድምፁን ሰምቶ አባቴ ከቤት ወጣ። ሁለቱ ተያዩ።

«ግባ እንጂ፣ በር ላይ አትቁም» አላቸው አባቴ።

«ለእሷ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉና ሄዱ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ጊዜ እስከ ገፈርሳ ድረስ አጠገቤ ተቀምጠው የሄዱት እሳቸው ናቸው። ቁልቁለት በደረስን ቁጥር ጉልበታቸውን ጥብቅ አድርገው ይይዙ ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ባልተናነሰ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ድርቆሽም አትክልትም እጭንባታለሁ፤ ስትበላሽ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ ስር እገባለሁ።

ይቅር ተባባሉ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። እንጃ። ዕድር ላይ ይሰላለማሉ፣ የልጆችም ደህንነት ይጠያየቃሉ። ጎረቤታችን ጋቢና ካሉ ግን አባቴ እስካሁን ከኋላ ጭነቱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ማንም እንዲያ አድርግ ያለው የለም።