በባና የተጠቀለለ ሳክስፎን

አባቴን «አባዬ» ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። አንኮበር አጠገብ ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ልጅነቴን በሙሉ ግቢያችን ዜማ በሚማሩ ተማሪዎች የተሞላ ነበር። ተማሪዎቹ «የኔታ» ሲሏቸው እየሰማሁ አፌን ስለፈታሁ እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። እናቴ ያረፈችው ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተማሪዎቹ ከየኔታ ፊት ተቀምጠው ዜማ ሲቀጽሉ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንዱ ዜማው ሲያመልጠው የኔታ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «መልስ» ይሉታል፤ ልጁም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ደግሞ ይሳሳታል፤ ደግሞ «መልስ» ይባላል። አንዳንዱ በዚህ ያለቅስ ነበር። እኔ ግን እቀናባቸው ነበር፤ የእኔን ስሕተት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረኝም።

አሁን ደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰዎች በትንሿ መስኮት በኩል ቁጥር ይነግሩኛል፤ ፋይሉን አውጥቼ እሰጣለሁ፤ ሲመልሱልኝ ቦታው እከተዋለሁ። ከ«እንደምን አደርሽ» እና ከ«እግዜር ይስጥልኝ» ሌላ ቃል ሳልሰማ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ሰው ሲቀርበኝ ምን እንደምል ስለማላውቅ መስኮቷ ትንሽ መሆኗን እወደዋለሁ። ማታ ወደ ቤት ስገባ ግን ቀኑን ሙሉ ያልተናገርኩት ሁሉ አብሮኝ የሚገባ ይመስለኛል።

ሳክስፎን በቅርብ ያየሁት ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁበት ዕለት ነው። የኔታ ያን ቀን የደብራቸው ንግሥ ስለነበረ አልመጡም። ሌሎቹ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ፎቶ ሲነሡ እኔ ጋውኔን አጣጥፌ በአዳራሹ ጀርባ ወጣሁ። እዚያ ማርሽ ሲያሰማ ከነበረው ባንድ አንድ ጎልማሳ ተነጥሎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሳክስፎኑን ከሦስት አወላልቆ፣ ክር የታሰረበት ጨርቅ በአንድ ጫፉ አስገብቶ በሌላው ጫፍ ቀስ እያለ ይስባል። ጨርቁ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ቆሜ ሳይ አየኝና «ትንፋሽ ነው፤ ካልጠረጉት ውስጡን ያበላሸዋል» አለኝ። ድምፁን ከመውደዴ በፊት አጠራረጉን ወደድኩ።

ሥራ ከያዝኩ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ያገለገለ ሳክስፎን ገዛሁ። ሻጩ የፊት ጥርሳቸው የረገፈ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው በባንድ ይነፉ እንደነበርና ጥርሳቸው ሲያልቅ እንዳቆሙ ነገሩኝ። ዕቃው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለራሴ ነው ስላቸው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ ሥራሽ ምንድን ነው አሉኝ።

«መዝገብ ቤት ነው የምሠራው።»

«በይ እንግዲህ፣ እንደ መዝገብ እንዳትቆልፊበት። ይሄ ዕቃ ሲነፉት አይሞትም፤ ሲያስቀምጡት ነው የሚሞተው።»

ከዚያ አወላለቁን፣ አጠራረጉን፣ አንገቱ ላይ ያለችው ቡሽ እንዳትደርቅ አቀባቧን አሳዩኝ። ከየቁልፉ ሥር ያሉትን ክብ ክብ ፓዶችም እያነሡ አስረዱኝ፤ ውጪያቸው ስስ ቆዳ ነው፣ ውስጣቸው የተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር። ቀዳዳውን የሚደፍኑት እነሱ ስለሆኑ፣ አንዷ ከተበላሸች ትንፋሼ በጎን እንደሚወጣ ነገሩኝ። የነገሩኝን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። «የበግ ጠጉር» የሚለውም ተጽፏል፤ ዛሬም ገጹን ገልጬ አየዋለሁ።

የተከራየኋት ክፍል አምስት ተከራዮች ባሉበት ግቢ ዳር ላይ ናት። ጎረቤቶቼ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ በፈረቃ የሚገቡና የሚወጡ በመሆናቸው ሁልጊዜ የተኛ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ በነፋሁበት ቀን አከራዬ በሬን አንኳኩተው፣ ግቢው ውስጥ የታመመ ጥጃ ገብቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። እያሾፉ ይሁን የምራቸውን ይሁን ፊታቸው አይለይም ነበር። ሳክሱን ከበሩ ኋላ ደብቄ «አላየሁም እማማ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ወደ ከተማው ዳር እየሄድኩ ባሕር ዛፍ ውስጥ መለማመድ ጀመርኩ። በደብረ ብርሃን ብርድ ብረቱ እንደ በረዶ ይሆናል፤ ያልሞቀ ሳክስፎን ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ በአፍ የሚያዘውን ክፍል በጋቢዬ ውስጥ ብብቴ ሥር ሸጉጬ እሄዳለሁ። አንድ ባለባጃጅ ክንዴን አጣብቄ ሲያየኝ «እህቴ፣ ቴርሞሜትር ነው?» ብሎ ስቆብኛል። እኔም ሳቅሁ።

አስተማሪዬ ስልኬ ነበር። ቪዲዮ አያለሁ፣ አቆማለሁ፣ ጣቶቼን እደረድራለሁ። ግን ስልክ ያሳያል እንጂ አይሰማም። ልክ ልሁን ልሳሳት የሚነግረኝ የለም። በባቲ ቅኝት አንድ ዘገምተኛ ዜማ ለስምንት ወር ያህል ደጋግሜ ተጫወትኩ፤ ባሕር ዛፉ ዝም አለኝ። የዚያን ጊዜ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ጆሮ ያለው አንድ ሰው እንዲሰማኝ። እንደዚያ ያለ ጆሮ ያላቸው የማውቃቸው ሰው ደግሞ የኔታ ናቸው። እሳቸው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውላሉ፤ ከሥራ ስትወጪ ምን ታደርጊያለሽ ሲሉኝ አነባለሁ እላቸዋለሁ። የመሪጌታ ልጅ ሳክስፎን ትነፋለች ቢባል ምን እንደሚሰማቸው አላውቅም ነበር። ካልወደዱት ሁለተኛ መንፋት እንደማልችል ግን አውቃለሁ። ቢሆንም ለፋሲካ ይዤው ልሄድ ወሰንኩ።

በመካከሉ ዐቢይ ጾም ገባ። ሳክሱን አስቀመጥኩት። ማንም አላዘዘኝም። ያደግሁት በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ጸጥ ብለው፣ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ በሚያዜሙበት ደብር ነው። ከበሮው ከተሰቀለበት ሳይነካ እስከ ፋሲካ ይቆያል ብዬ አስብ ነበር፤ ሴት ልጅ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ገብታ አታይም። ከበሮ ከጾመ እኔም ሳክሴን ማስጾም አያቅተኝም አልኩ። የሳጥኑ መቆለፊያ ላልቶ ስለነበር፣ ብርድና አቧራ እንዳይነካው ሳክሱን በባና ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ ከአልጋዬ ሥር ባለው ቆርቆሮ ሳንዱቅ ውስጥ ቆለፍኩት። ባናውን ሥራ ስጀምር የኔታ ራሳቸው መዘዞ ገበያ ሄደው የገዙልኝ ነው፤ በእጅ የተፈተለ፣ ከባድ፣ በግ በግ የሚሸት ብርድ ልብስ። ሲሰጡኝ «ሱፍ ነው፤ ካላናፈስሽው ብል ይገባዋል» ብለውኝ ነበር። በየሳምንቱ ገመድ ላይ አሰጣው ነበር። በጾሙ ግን ባናውን ብፈታ ሳክሱን አያለሁ፣ ካየሁትም እነፋዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አልፈታሁትም። ብርዱን ያለ ባና በሁለት ሹራብ ቻልኩት፤ ይህን ሁሉ ሳደርግ በጣም ጠንቃቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሹር ጥቅሉን እንዳለ ታቅፌ በሚኒባስ አንኮበር ሄድኩ። የፋሲካ ዕለት ከሰዓት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጉም ከቆላው ተነሥቶ ግቢውን ሲሸፍን፣ የኔታ መደባቸው ላይ አረፍ ብለው ነበር። ጥቅሉን ከፊታቸው አስቀመጥኩ። የምለውን በመንገድ ሳጠና ነው የመጣሁት፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን «የኔታ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብቻ ሆነ።

ገመዱን ስፈታ አንዲት ትንሽ ነጭ ቢራቢሮ ብር ብላ ወጣች። ከዚያ ሌላ። ባናውን ስገልጠው እጥፋቱ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ አለ፤ የቁልፎቹ ሥር ደግሞ ተቦርቡሯል። ከትልልቆቹ ፓዶች አንዳንዶቹ ቆዳቸው ብቻ ተንጠልጥሏል፤ በውስጣቸው የነበረው ጠጉር የለም። ብሉ ከጾሙ በፊትም ገብቶ ኖሮ ይሆናል። እኔ ግን ሙሉ ጾሙን አሞቅሁለት።

የኔታ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው አንዱን ፓድ በጣታቸው ተጫኑት፤ የከበሮ ቆዳ ሲያዩ እንደሚያደርጉት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋው?»

«ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ፣ የኔታ። ከበሮው እንደሚሰቀለው ብዬ ነው።»

«ከበሮውን እኮ እኔ በየሳምንቱ አወርደዋለሁ» አሉ። «ፀሐይ አስመታዋለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ። በጾም የተከለከለው መምታት ነው እንጂ መንካት ማን ከለከለ? ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ልክ ነበሩ። ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። እንዴት እንደሚቀመጥ በደንብ የሚያውቁት ሰው፣ እንዳያዩት የደበቅኩባቸው ሰው ነበሩ። ዐይኔ እንባ ሲሞላ እንዳያዩኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ምንም ድምፅ አይወጣውም?» አሉ።

ክፍሎቹን ገጣጥሜ ሞከርኩት። የታችኞቹ ድምፆች ሁሉ ጠፍተዋል፤ እፍ ስል አየር ብቻ ያልፋል። ከላይ በግራ እጅ ጣቶች የሚያዙት ሦስቱ ብቻ ይወጣሉ። ስምንት ወር ያጠናሁት ዜማ በሦስት ድምፅ አይሆንም። እነዚያን ሦስቱን በየተራ አስረዝሜ ነፋኋቸው። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር። ስጨርስ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፦

«ሦስተኛዋ ወርዳለች። መልሺ» አሉኝ።

መለስኩ።

«አሁንም ናት። ከንፈርሽ ላልቷል መሰለኝ። መልሺ።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሦስተኛዋን ድምፅ እያወረድኩ ስነፋ ኖሬያለሁ፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከንፈሬን አጠበቅሁ። ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ራሳቸውን ትንሽ ነቀነቁ። ለተማሪዎቻቸውም ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሲሰጡ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ከደጅ የሰው ሳል ተሰማ። የደብሩ ገበዝ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ነው። የኔታ ፈጠን ብለው ባናውን አነሡና ሳክሱን ሸፈኑት። ገበዙ ገብተው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ዙሪያውን እያዩ፣ እዚህ ቤት የመኪና ጡሩምባ የሰማሁ መሰለኝ አሉ።

«ልጅቷ ከከተማ ያመጣችው ዕቃ ነው» አሉ የኔታ፤ «ብል በልቶባት።»

«ከተማም ብል አለ እንዴ? እኛ ዘንድ ብቻ መስሎኝ» ብለው ገበዙ ሳቁ። የኔታ አብረዋቸው ሳቁ። እኔ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ለማምጣት ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ልጅ ሆኜ ዜማ እሰማበት ከነበረው ቦታም ቆምኩ። የሸፈኑት አፍረውብኝ ይሁን ወይስ ሊጠብቁኝ አላወቅሁም። እስካሁንም አልጠየቅኋቸውም። በማግስቱ ስሸኝ ስለ ሳክሱ ምንም ሳይሉ፣ ባናውን ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንዳውለው ብቻ ነገሩኝ።

ለሻጩ ሽማግሌ ደውዬ የሆነውን ስነግራቸው፣ ፓዶቹ ከውጭ አገር እስኪመጡ መጠበቅ እንዳለብኝ ነገሩኝ፤ እስካሁን አልመጡም። ሳክሱ በሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ክዳኑን በገመድ አስሬዋለሁ። በየሳምንቱ ከፍቼ እጠርገዋለሁ፣ ቡሿን እቀባለሁ፣ ያልተበሉትን ፓዶች እያነሣሁ አያለሁ። ባናው ለብቻው አልጋዬ ላይ ነው። በሥራ ቦታ የተለወጠ ነገር የለም። መስኮቷም ያቺው ናት።

ባለፈው እሑድ የኔታ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ከአጠገባቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከቅዳሴ የወጡ ካህናት መሆን አለባቸው። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። ከሥራ ስትወጪ ምን ታደርጊያለሽ ግን አላሉኝም።

«ባናውን አናፈስሽው?» አሉ።

«አናፈስኩት፣ የኔታ።»

«ሦስተኛዋስ?»

«አንዳንዴ ትወርዳለች።»

«መልሻት» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ክፍሌ ውስጥ እንደ ወትሮው ጸጥታ ነበር። ባናውን ገመድ ላይ አሰጣሁ። ከዚያ በአፍ የሚያዘውን ክፍል ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ሳጥኑን አንጠልጥዬ፣ ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ።